የአክስቴ ከድጃ የላይ ጥርስ

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ውጫሌ

ከአምባሰል ውጫሌ ወደ ሐይቅ ከተማ የተነሳነው የአክስቴን የከድጃን ጥርስ ለማስነቀል ነው። ግራ ጉንጯ ካበጠ ሳምንት አልፎታል። ቅርንፉድ ነክሳበታለች፣ ነጭ ሽንኩርት ወትፋበታለች፤ ሐኪም ቤት ግን እንቢ። ጥርሱ የላይ ነው፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ የላይ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ዓይኑ ይጠፋል ይባላል። አክስቴ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ ከሌለ ሥራዋ የለም። ሦስት ቀን ለምኜ ያሳመንኳት እኔ ነኝ። ወሬውን «ውሸት ነው» ብላትም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

«ዓይኔ ከጠፋ፣ ሰይዶ፣ ስፌቱን የምትሰፋው አንተ ነህ» አለችኝ ሚኒባሱ ውስጥ።

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! ቁልፍ እንኳ መትከል አትችል!»

ጎናችን የተቀመጠው ከሳዑዲ የተመለሰ ጎረምሳ ሳቀ። «አብሽሩ እናቴ፣ እኔ ሁለት አስነቅያለሁ።»

አክስቴ ዓይኖቹን ትክ ብላ መረመረቻቸው። «የላይ ነው የታች?»

«የታች።»

«በል ዝም በል!»

መንገድ ላይ

በጦርነቱ የተቃጠለ ከባድ መኪና ከነዝገቱ ቆሟል፤ ዙሪያውን ማሽላ በቅሎበታል። ሐይቁ በግራችን ብቅ ሲል አክስቴ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። «ታንኳ ይታየኛል። ሁለት ሰው አለበት። ጻፈው፣ በኋላ እንድናመሳክር።» ለግጥም በያዝኩት ደብተር ላይ «ታንኳ፣ ሁለት ሰው» ብዬ ጻፍኩ።

3 ሰዓት፣ ሐይቅ ከተማ

ክሊኒኩ ውስጥ የጠበቀን የፀጉር ቤት ወንበር ነው። «የእኛው በጦርነቱ ሄደ፤ ይህን ተውሰን ነው» አለች ወጣቷ የጥርስ ሐኪም። ባትሪ አብርታ የአክስቴን አፍ አየች።

«የፊቶቹ ያበራሉ። መፋቂያዎ ግን ወደ ኋላ ደርሶ አያውቅም።»

«የኋላውን ማን ያየዋል?»

«ስኳሩ ያየዋል፣ እናቴ። ሻይ ስንት ስኳር ያደርጋሉ?»

አክስቴ ስኳሩን ዘለለችው። «ዓይኔስ?»

«ጥርስ ቢነቀል ዓይን አይጠፋም። ይልቅ ይህ እብጠት ሳይታከም ቢቆይ ነው ለዓይንም የሚያሰጋው።»

«ቢስሚላህ» አለችና አፏን ከፈተች። ማደንዘዣ ተወጋች። ጥቂት ቆይቶ ጥርሱ ሳህን ላይ ቋ አለ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጥጥ ነክሳለች፣ መናገር አትችልም። ከሻሿ ጫፍ መርፌ ነቀለች፣ ከቦርሳዋ ክር አወጣች፣ ቀኝ ዓይኗን ጨፈነች። ክሩ ሳተ። ደግማ ሞከረች፤ ሳተ። ከዚያ ክሩን ወደ እኔ አፍ ዘረጋችው። አሁን ገባኝ፤ ሁልጊዜ ክሩን በምራቋ አርጥባ ነው የምታስገባው፣ ዛሬ ግን አፏ ደንዝዟል። አረጠብኩላት። ክሩ ባንድ ጊዜ ገባ።

እንባዋ ከሁለቱም ዓይኖቿ ወረደ። እኔ ዞሬ መንገዱን አየሁ።

መመለሻ

ሐይቁ በቀኛችን አለፈ። ታንኳው የት እንደደረሰ ላሳያት ዞርኩ፤ አክስቴ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጥላ ተኝታ ነበር። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያ እንቅልፏ ስለሆነ አልቀሰቀስኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፏ ላይ የወይራ መፋቂያ አኝካ ስታለሰልስ አገኘኋት። ለእኔም አንድ ቆርጣልኛለች። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ሰው የማያየውን ጥርስ ማጽዳት ነው፤ ብረሳው እንኳ አክስቴ አትረሳም። የስፌት መኪናዋን እያንቀጫቀጨች ከሩቅ ትጮህብኛለች፦

«ሰይዶ! ወደ ኋላ ደርሰሃል?»