ሐረግወይንና እንዳይሞት የተደረገው ፕሮግራም

ሐረግወይን የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። አባቷ በጸሐፊነት ተመድበው ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ ቀሩ፤ እሷም በከኒሳ ቀሴ በሚባለው የከተማው ሰፈር ተወልዳ እዚያው አደገች። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ሥራ ሲገኝ ፕሮግራም ትጽፋለች። አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል ይቀናታል፤ ስትናደድ ግን ሁለቱም ይጠፉባታል። ያን ማክሰኞ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ወዳለው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ተጠርታ ሄደች።

በቆሎው ገና ከበሩ ይሸታል፤ ሻግቷል። በኃላፊው በኦቦ ገቢሳ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ግን የገባው ሁሉ ደረቅ ነው ይላል። ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ናት። ኦቦ ገቢሳ የሁለት መቶ ገበሬ እህል በእሷ ሥራ ምክንያት እየተበላሸ እንደሆነ፣ ሐሙስ በማኅበሩ ጉባኤ ፊትም ይህንኑ እንደሚናገሩ ነገሯት። ያ ከተነገረ በከተማው ማንም ሥራ እንደማይሰጣት ታውቃለች።

የፕሮግራሙ ሥራ ቀላል ነው። መጋዘን ጠባቂው ተረፋ ጆንያዎቹን በሹል ቱቦ እየወጋ ናሙና ያወጣል፤ የእያንዳንዱን እርጥበት ይለካል። ፕሮግራሙ ድምሩን ለናሙናው ብዛት ያካፍላል። ውጤቱ ከአሥራ ሦስት ተኩል በመቶ ከበለጠ እህሉ እርጥብ ነውና ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ቀስ ብለን እንየው። ናሙና ሳይወሰድ ቢቀርስ? ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል መልስ የለውም። ኮምፒውተሩ ግን አይደነግጥም። በመልሱ ቦታ «ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት አስቀምጦ ሥራውን ይቀጥላል። ያንን ምልክት ከአሥራ ሦስት ተኩል ትበልጣለህ ወይ ብለው ቢጠይቁት ሁልጊዜ አልበልጥም ይላል፤ ቁጥር ያልሆነ ነገር ከምን ይበልጣል? ስለዚህ ጭራሽ ያልተለካው እህል ደረቅ ተብሎ ያልፋል።

ሐረግወይን ይህን ስለምታውቅ ሁለት ትእዛዝ ጽፋ ነበር። ትእዛዞቹ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ናቸው፤ ማለትም ፕሮግራሞችን ሁሉ ለሚያስተዳድረው፣ ሲያጠፉም ለሚያስቆማቸው ዋና ሥርዓት። አንደኛው እንዲህ ያለ የሒሳብ ስሕተት ሲያይ ፕሮግራሙን እዚያው እንዲገድለው ነው። ሁለተኛው ሲገድለው በሜሞሪው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ወደ ፋይል እንዲገለብጥ ነው። ያንን ፋይል የከፈተ ሰው ፕሮግራሙ በመጨረሻዋ ቅጽበት ምን ይዞ እንደነበር ፊት ለፊት ያያል።

አሁን ፕሮግራሙን ስትከፍተው ሁለቱም ትእዛዞች ተሰርዘዋል። ኦቦ ገቢሳም አልደበቋትም። የእህል ማስገቢያው ወቅት ሲጀመር ፕሮግራሙ በየቀኑ እየሞተ እንግዳ ፊት ስላሳፈራቸው፣ ባለሙያ አስመጥተው እንዳይሞት አስደርገውታል።

«ለምን እንደሚሞት ጠይቀዋል?» አለች።

«ሥራ ነበረብን፣ ሐረጌ።»

«ቤት ተቃጠለ ብሎ የሚጮኸውን ሰው አፍ ነው ያስያዙት።»

ትእዛዞቹን መለሰችና የወቅቱን መዝገብ ከመጀመሪያው አስኬደች። አሥራ ዘጠነኛው ጭነት ላይ ፕሮግራሙ ሞተ። የሜሞሪውን ግልባጭ ከፈተች፦ ባለቤት አባ ጂሬኛ፣ ጆንያ አርባ፣ ናሙና ዜሮ። እሱን አልፋ ቀጠለች፤ እንደገና ሞተ። አሥራ አራት ጊዜ ሞተ። በአሥራ አራቱም ናሙናው ዜሮ ነው፤ አሥራ አራቱም ባለቤቶች በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

ተረፋን አስጠራችው። አልካደም። የሽማግሌን ጆንያ ዓይናቸው እያየ በቱቦ መውጋት ዋሽተዋል ብሎ ከመስደብ አይተናነስም አላት። «እጄ እንዴት ይነሣል፣ ኦቦሌቲ ኮ?» አለ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

ኦቦ ገቢሳ ይህን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የሽማግሌዎቹን ስም ጉባኤ ላይ ከማንሣት የኮምፒውተር ብልሽት ብሎ ማለፉ ለሁሉም እንደሚሻል፣ ለእሷም ሌላ ሥራ እንደሚፈልጉላት ነገሯት። ሐረግወይን ስልኳን አውጥታ ለአባ ጂሬኛ ደወለች።

ሽማግሌው በባጃጅ ደረሱ። የሆነውን ሁሉ በኦሮምኛ፣ ከዜሮው ጀምራ፣ ምንም ሳትዘል ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ቱቦውን ከተረፋ እጅ ተቀብለው የራሳቸውን ጆንያ ወጉ። የእርጥበት መለኪያው አሥራ ዘጠኝ አለ።

«መንገድ ላይ ዝናብ ነክቶታል» አሉ ወደ ተረፋ ዞረው። «ብትነግረኝ ግቢዬ ውስጥ አሰጣው ነበር። ያከበርከኝ መስሎህ በእኔ እህል የጎረቤቴን አሻገትክ። እኔን እውነት የማይችል ሕፃን አደረግከኝ።»

ተረፋ መሬት መሬት አየ። ኦቦ ገቢሳ ነገሩን ሊያለዝቡ አፋቸውን ከፈቱ።

«ተወው» አሉ አባ ጂሬኛ። «ሐሙስ የምናገረው እኔ ነኝ።»

የመጋዘኑ ጫኞች የሻገተውን እየለዩ፣ ሊድን የሚችለውን ደጅ በተዘረጋው ሸራ ላይ መገልበጥ ጀመሩ። ኦቦ ገቢሳ ሻይ እንድትጠጣ ለመኗት። ሐረግወይን አልተቀመጠችም። ሁለቱን ትእዛዞች ማንም እንዳይነካቸው በይለፍ ቃል ቆለፈች፤ ቃሉንም ለኦቦ ገቢሳ ሳትሰጥ፣ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።