በምዕራብ በኩል የተሠራ ክፍል

ማላኪ ጋቫጋን የሚተዳደረው የሰው ቅድመ አያት እያሳየ ነው። በኪልቫርና ሰበካ እሱን የማያውቅ የለም፤ የሚያከብረው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይሁንና አሠራሩ ራሱን የቻለ ጥበብ ስለሆነ ከመነሻው በደንብ ላስረዳ።

በጋ ሲገባ፣ ማለትም ዝናቡ ሞቅ ሲል፣ አሜሪካኖች ወደ አውራጃችን ወደ ማዮ ይመጣሉ። ከአያቶቻቸው አንዱ ከዚህ ተነሥቶ በመርከብ እንደሄደ ሰምተዋል፤ የተወለደበትን ቤት አይተው፣ ከግድግዳው አንድ ጠጠር ይዘው መመለስ ይፈልጋሉ። ማላኪ ከዴሊያ ሞፌት መጠጥ ቤት በር አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። መጀመሪያ ስማቸውን ይጠይቃል። ስሙን ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀጥሎ ባርኔጣውን ያወልቅና ረጅም ትንፋሽ ይስባል።

«ዱርካኖች!» ይላል። «ዱርካኖች ተመለሱ? ምነው እናቴ ይህን ቀን ባየች!»

ከዚያ ክኖክሮ ኮረብታ ላይ ወዳለ ፍርስራሽ ይወስዳቸዋል። የዱርካኖች ቅድመ አያት የተወለደው እዚያ ነው። የሞራኖችም እዚያው ነው። የኪልኬኒዎችም፣ አንድ ጊዜ ስማቸውን አስተካክለው መጥራት ያቃታቸው የካናዳ ሰዎችም ዘር የፈለቀው ከዚያችው ቤት ነው። ቤቷ በእርግጥ ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ የሞተ የአንድ በግ አርቢ ነበረች። ማላኪ ግን ለሰውየው ግማሽ አሜሪካን የሚሞላ ዘር አፍርቶለታል።

ሌላ ፍርስራሽ ጠፍቶ አይደለም፤ አገሩ ፍርስራሽ ነው። እኔ ይህን ነገር ለማወቅ ጓጉቼ ኮረብታውን ብዙ ጊዜ ዞሬዋለሁ፤ ምርጫው እንደሚያስደንቅ መመስከር አለብኝ። አንደኛ፣ መኪና እደጁ ድረስ ይደርሳል፤ ሰው ጫማው ከጨቀየ አያለቅስም። ምድጃው ሳይፈርስ ቆሟል፤ ሰው ደግሞ በር አይቶ አያለቅስም፣ ምድጃ ሲያይ ግን እንባው ይመጣል። በመስኮቱ ባሕር ይታያል። «መርከቡ የሄደው በዚያ ነው» ለማለት ጣትን መቀሰር ብቻ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ዓይን እግዚአብሔር ለዚህ ሰው መስጠቱ ይገርመኛል፤ ለአናጢ ቢሰጠው ኖሮ ስንት ቤት በቆመ!

ባለፈው በጋ ሎሬይን ፊሪክ ከስክራንተን፣ ፔንሲልቬንያ መጣች። ጠና ያለች፣ ቁጥብ ሴት ናት። የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ በብብቷ ይዛ ገባች። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው የአባቷ አመድ ነበር። አባቷ በክረምቱ ሲሞት፣ አያቱ ማርቲን ፊሪክ ተጎትቶ ከወጣበት ምድጃ ሥር እንድታሳርፈው አደራ ብሏት ነበር። አውሮፕላኗ የሚነሣው ከነገ ወዲያ ነበር።

«ፊሪክ» ስትል መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። ማላኪ ዓይኑን መጨፈን ረሳ።

«ነገ ጠዋት አሳይዎታለሁ፣ እመቤቴ» አለ በጥድፊያ።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዴሊያ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና አየችው። «የፊሪኮችን ቤት አውቃለሁ ነው የምትለው፣ ማላኪ?»

«ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች ዴሊያ። «በል ነገ እኔም አብሬ እወጣለሁ፤ ጉልበቴን ላፍታታ።»

እኔም ጉልበቴ መፍታታት እንደሚያስፈልገው ትዝ አለኝ።

በማግስቱ እዚያው ክኖክሮ፣ እዚያችው ፍርስራሽ ገባን። ሎሬይን ምድጃው ፊት ተንበረከከች። ቆርቆሮውን መሬት አስቀምጣ ክዳኑን ያዘች። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ዝም ይላል። ማላኪ ግን ዝምታን አይችልበትም፤ ዝም ያለ አስጎብኚ ምሳ አይጋበዝም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ለዱርካኖችም ለሞራኖችም የሚናገረውን ጀመረ፤ ምድጃውን፣ የዶሮዎቹን ቆጥ፣ የአሮጊቷን አልጋ። በመጨረሻም ግድግዳውን መታ መታ አደረገ።

«ይህንንም ልብ ይበሉልኝ፣ እመቤቴ። እዚህ አገር ቤቱን የሚያስረዝም ሰው ወደ ምሥራቅ ያስረዝማል እንጂ ወደ ምዕራብ ንክች አያደርግም። በምዕራብ በኩል ክፍል የሠራ ሰው 'ከእግዚአብሔር እበረታለሁ' እንዳለ ይቆጠራል። ከዚያ ቤት ዓመት ሳይሞላ ሬሳ ይወጣል። የእርስዎ ሰዎች ብልሆች ነበሩ፤ ይኸው ምዕራቡ ግድግዳ እንዳለ ነው።»

የሎሬይን እጅ ክዳኑ ላይ ቀረ።

«ምን አሉ?»

«ብልሆች ነበሩ አልኩ።»

«ስለ ምዕራቡ ያሉትን ይድገሙልኝ።»

ደገመላት፤ እንዲያውም አሳምሮ። እሷም ክዳኑን መልሳ አጥብቃ ተነሣች።

«አባቴ ስለ አያቱ ቤት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር» አለች። «ማርቲን ስድስተኛ ልጅ ሲወለድለት በፀሐይ መጥለቂያ በኩል ክፍል ጨመረ። ጎረቤት ሁሉ ተው አለው፣ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት የባለርስቱ ሰዎች መጥተው እሳቱን አጥፍተው አስወጡት። እናቱ እዚያው መንገድ ላይ ሞተች። ቤተሰባችን እስከ ዛሬ 'ክፍሏ ናት የበላችን' ይላል። እንግዲህ ይህ የእኛ ቤት አይደለም። በምዕራብ በኩል ክፍል የተሠራለት ቤት የት ነው?»

«እንዲህ ያለ ቤት... ፈርሶ ይሆናል እመቤቴ። ዝናቡም እየመጣ...»

«አለ» አለች ዴሊያ። «በሰበካው አንድ ብቻ ነው ያለው። የማላኪ ጥጆች ያድሩበታል።»

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ። በዚያ ዘመን በእኛ ዘንድ አንድ ሕግ ነበር፤ ጭሰኛ ከመሬቱ ሲነቀል ጎረቤቱ ያንን መሬት አይከራይም። ባለርስቱ አረም ቆጥሮ እስኪሰለቸው መሬቱ ጦም ያድራል። ሁሉም ይህን ጠበቀ፤ የማላኪ ቅድመ አያት ቶም ጋቫጋን ብቻ የፊሪኮች ምድጃ ገና ሳይቀዘቅዝ መሬቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ቀጥቃጩ ለፈረሱ የብረት ጫማ አልሠራም አለው። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሲቀመጥ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄደ። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም። የልጅ ልጆቹ ዘመን እስኪደርስ እንደዚያው ቆየ። የቤቱን ነገር ደግሞ ተመልከቱ፤ ጋቫጋኖች ያችን የምዕራብ ክፍል ለመኖሪያም ፈሯት፣ ለማፍረስም ፈሯት፤ ስለዚህ ቤቱን ከነክፍሏ ለጥጆች ሰጡ። መስረቅ ያልፈራ ዘር ክፍል ይፈራል!

ወደ ማላኪ ግቢ ወረድን። መንገዱን ሁሉ ሲያልበው ነበር። በረቱ በር ላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ነገሩ የድሮ ነው። መሬቱ በሕግ የእኔ ነው። ጠበቃ ቢያቆሙም...»

ሎሬይን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «መሬትህን ለራስህ። እኔ የመጣሁት ለምድጃው ነው።»

ያን ጊዜ የማላኪ ፊት ሲፈካ ማየት ነበረባችሁ። አንድም የእፍረት ጥላ አላለፈበትም። እሱ የፈራው መሬቱን ብቻ ነበርና ወዲያው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ፊሪኮች!» አለ። «ፊሪኮች ተመለሱ! እናቴ ምነው...»

«አፍህን ዝጋ፣ ማላኪ!» አለች ዴሊያ። «አካፋህን አምጣ።»

ምድጃው የዓመታት እበት ለብሶ ነበር። ማላኪ ጥጆቹን አስወጥቶ ይዝቅ ጀመር። ወሬው ቀድሞን ስለ ነበር ጎረቤት አንድ በአንድ እየመጣ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ማንም አላገዘውም። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «ወገቤ እኮ...» አለ።

«ማርቲንም ወገብ ነበረው» አለች ዴሊያ። «ዛቅ!»

የምድጃው ድንጋይ ሲወጣ ጥቁር ነበር፤ ጥቀርሻው እንዳለ። ሎሬይን ማላኪን ውጣ አለችው፣ ወጣ። ተንበርክካ ከድንጋዩ ሥር ያለውን አፈር በእጇ ቆፈረች፣ አባቷን አሳረፈች፣ አፈሩን መለሰች። አላለቀሰችም። ስትወጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የዴሊያን እጅ ጨበጠች። የማላኪም እጅ ተዘርግቶ ነበር፤ አጠገቧ እንደሌለ ሰው አለፈችው።

ጥጆቹ ወደዚያ አልተመለሱም። ከደግነት እንዳይመስላችሁ። ከሳምንት በኋላ የመጡ እንግዶችን ማላኪ በቀጥታ ወደ በረቱ ወሰዳቸው። «ይህን ቤት» ሲል ሰማሁት፣ «ቅድመ አያቴ ለፊሪኮች በአደራ ጠበቀላቸው። እኛ ጋቫጋኖች እንዲህ ነን።»

በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እንደ ልማዱ መካከለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ማንም ማንንም በዓይን አልጠቀሰም። መጀመሪያ ዴሊያ ተነሣች፤ ቀጥሎ አጠገቧ ያሉት ባልና ሚስት፣ ከዚያ የቀሩት ሁሉ በዝግታ ወደ ኋላ ሄደው ተቀመጡ። ቅዳሴው ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ማላኪ ግራና ቀኙን አየ። ቦታው ሰፍቶለት ደስ አለውና እግሩን ዘርግቶ ባርኔጣውን አጠገቡ አስቀመጠ።