የአዱኛ ዕድሜ

ይህን ለንስሓ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። እናንተ ስሙኝ።

በንጉሡ ዘመን ደብረ ማርቆስ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበርሁ። ትምህርቱ የሚቀበለው ወጣት ብቻ ስለ ነበር፣ ስመዘገብ ከዕድሜዬ ዘጠኝ ዓመት ቀንሻለሁ። ማን ያልቀነሰ አለ? ያ ውሸት ግን አርፎ አልተቀመጠም።

አንድ ሰሞን እንግዳ ሐኪም የራጅ መሣሪያ ይዞ መጣ። ፊልሙ ጥቂት ነበርና፣ ሲስሉ ከከረሙት ውስጥ አርባ ዓመት የሞላቸው ብቻ ራጅ እንዲነሡ አዘዘ። የሳንባ ካንሰር የሚበዛው በእነሱ ላይ ነው፣ ገና ሲጀምር ከተገኘ ደግሞ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል አለን። ሌላው ሽሮፕ ተቀብሎ ይመለሳል። ዕድሜ የምጽፈው እኔ ነበርሁ።

አዱኛ ከአምበር መጣ። አብሮ አደጌ ነው፤ የትምባሆ ጋያውን ከአፉ የማይለይ፣ ሳቂታ ገበሬ። ክረምቱን ሙሉ ሲስል ከርሞ ከስቷል። ሲያየኝ ደስ አለውና ለተሰለፈው ሁሉ፣ "እኔና እሱ እኮ ክርስትና የተነሣነ በአንድ ቀን ነው" እያለ አወራ። አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል።

ዕድሜውን ጠየቅሁት።

"አንተ ታውቀው የለ፤ ጣፍልኝ" አለኝ።

አውቀዋለሁ። አርባ ሦስት ነበር። አርባ ሦስት ብዬ ብጽፍ የእኔም ይገለጣል፣ እንጀራዬም ይሄዳል። ሠላሳ አራት ብዬ ጻፍሁ። ዕድሜህ ለራጅ አልሞላም አልሁት፤ እሱ ሽሮፑን ተቀብሎ፣ መርቆኝ ሄደ። ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ፤ እኔ ግን የሚስለውን ሰው ተራ ሰረቅሁ።

በዓመቱ በቃሬዛ አመጡት። ያን ጊዜ ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ፣ ዘግይቷል አለ። አዱኛ ጭራሽ እኔን ማጽናናት ያዘ። "ምን ታረግ፣ ዕድሜዬ አልሞላ ብሎህ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር አቃተኝ? አላቃተኝም፤ አልፈለግሁም።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አለቃዬ አብሮኝ መጣ። "ስንት ዓመቱ ነበር?" ሲለኝ "ሠላሳ አምስት" አልሁት፤ ያለፈችውን አንዷን ዓመት እንኳ ሳልረሳ። የአዱኛ እናት ከፊታችን ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ልጃቸውን ለክርስትና ታቅፈው በሄዱበት ቀን እናቴም እኔን ታቅፋ ከጎናቸው ነበረች። መልሰው አቀረቀሩ።

ይቅር በሉኝ ማለት የነበረብኝ እሳቸውን ነው። ስፈራ ስቸር እሳቸውም ዐለፉ። ፈርቼ ነው፣ የልጆቼ ጉሮሮ ይዞኝ ነው ልል እችላለሁ። አልልም። አዱኛ ሲሞት አርባ አራት ዓመቱ ነበር።