ካጆል በአማርኛ

ልጄ ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያው የእንግሊዝኛ ፈተና ስታጠና አንድ ቃል ላይ ቆመች።

«ኢማ፣ ካጆል በአማርኛ ምንድን ነው? ሰውን እያሞገስሽ የማይፈልገውን ስታስደርጊው።»

«ሽንገላ» አልኋት። «ኀጢአት ነው።»

«ውሸት ከሌለበትስ?»

«ያ ማቆላመጥ ነው። ለሚወዱት ሰው ነው።»

ሁለቱንም በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈች። እኔ በማግስቱ ከሁለቱ የትኛውን እንደሠራሁ እንጃ።

ሀዳር ሰፈር ውስጥ ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ባልቴት የጎንደር ሰው ናቸው። በክረምት ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ሐኪሙ «ሁለተኛ ከወደቁ መራመድ ያበቃል» ብሎ ሃሊኮን አዘዘላቸው፤ እየገፉ የሚደገፉበት ባለ ጎማ ብረት ነው። እሳቸው ሻሽ ማስጫ አደረጉት። «ሰው እያየኝ ጋሪ ልገፋ?» ብለው ከቤት መውጣትም ተዉ። እኔ የማውቀው እውነት መናገር ብቻ ነበር። በየቀኑ «ይወድቃሉ» እላቸዋለሁ። እውነቱ አንድ እርምጃ አላስኬዳቸውም።

ያን ጧት ሻሹን አነሣሁና «እመይቴ፣ አገር ቤት ገበያ የሚወርዱት በእግርዎ ነበር?» አልኋቸው።

«እኔ? በበቅሎ ነዋ!»

«ታዲያ እንደርስዎ ያለች ወይዘሮ ያለ በቅሎ ትወጣለች? ይችውና፣ ገራም ናት። ገብስም አትጠይቅ።»

ብረቱን አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

«አንች፣ ምላስ ያበቀልሽ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ብረቱን አስጠጋሁላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ወደ ሐኪም ቤት ሄድን፤ እርምጃቸው ቀጥ ያለ ነበር። በልቤ አመሰገንሁ፤ ትንሽም ኮራሁ። ስንመለስ ወደ ሰፈራችን በአቋራጭ ከሚያስወጣው ረጅም ደረጃ ሥር ቆሙ።

«ወይዘሮ በቅሎዋን ተሸክማ አትወጣም» አሉኝ። «ደግሞ በሀዳር እንዳንች ያለ ክንድ የታለ? በዚያ ላይ እግዚአብሔርን የምትፈሪ።»

ደስ አለኝ፤ አልክድም። ደስታዬ ሳያልቅ ሃሊኮኑ ትከሻዬ ላይ ነበር። እሳቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ከፊቴ ይወጣሉ፤ እኔ ከኋላ በአንድ እጄ ቀሚሳቸውን ይዤ አለከልካለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንወጣለን። አልወደቁም፤ ተመስገን።

ልጄ ትከሻዬን እያሸችኝ ትስቃለች።

«ኢማ፣ ሸንግለውሻል!»

«ማንም አልሸነገለኝ» አልኋት። «ተቆላምጬ ነው።»