ኳስ ማጅራት ላይ

ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ኳስ መንፋት ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሂልብሮው ሠፈር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ። እኔ መርፌውን በምራቄ አርሼ እሰካለሁ፤ እሱ ፓምፑን ይገፋል። ከዚያ ኳሱን እስከ ግንባሩ አንሥቶ ይለቀዋል፤ ነጥሮ ወገቡ ጋ ከደረሰ በቃው ማለት ነው። የታችኛዋ ጎረቤታችን ማማ ግሬስ ኮርኒሷን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። «ሶሪ ማማ! የመጨረሻው ነው!» አላት። ገና ግማሹ ኳስ ይቀረው ነበር። ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር የሚላት።

እሑድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ልቡ ቆመ።

ጌታሁን እዚሁ ጆሃንስበርግ የአንድ የግል ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነበር። ምክትል ስላልነበረው «ዋና» የሚለው ያስቀው ነበር። ማልያ አጣቢዋ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ለሠርግ ተከራይቶ ጠበቀን። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስ ፒለይ መጋረጃ አስጋርዳ «ግማሹ ይበቃችኋል» አለች። ልምምዱ እንደተጀመረ አንድ ኳስ መጋረጃውን አልፎ ሙሽራው እግር ሥር ወደቀ። ሙሽራው አነሣና ከተቀመጠበት ወርውሮ ቅርጫት ውስጥ ከተተው። ጌታሁን ወደ ሚስ ፒለይ ዞሮ «ይሄ ልጅ ኮሌጃችን ነው የሚማረው?» አለ።

ሌላ አሠልጣኝ ታይም አውት፣ ያቺን የአንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ የሚጠራው ሰሌዳ ላይ ቀስት ለመሣል ነው። ጌታሁን የሚጠራው ለማስታረቅ ነበር። አባቱ ወሎ ውስጥ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ።

ኳስ ይዞ የሚወጣው አጭሩ ሲፖ ነው፤ ቅርጫት ሥር ቆሞ የሚቀበለው ረጅሙ ሉዋዚ። አንድ ቀን ሲፖ ሉዋዚን «መብራት የጠፋበት የመንገድ ምሰሶ» ብሎ ሰደበው። ከዚያ ወዲህ ሉዋዚ ኳስ ሲመጣለት ጀርባውን ይሰጥ ጀመር።

ጌታሁን በጨዋታ መሃል ታይም አውት ጠርቶ ሁለቱን አስቀመጠ። በአገራችን በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። አዳራሹ ውስጥ ድንጋይ የለም፤ ስለዚህ ኳስ አንሥቶ ሲፖ ማጅራት ላይ አኖረ። «ጎንበስ በል» አለው።

«ኮች፣ እየተመራን እኮ ነው!»

«በዚሁ ምክንያት እኮ ነው የምንመራው።»

ዳኛው ሰዓቱን እያየ መጣ። «ኮች፣ ደቂቃው አልቋል።»

«ተበዳይ ገና አልተናገረም» አለ ጌታሁን።

ዳኛው ቴክኒካል ፋውል ሰጠብን፤ ተጋጣሚዎቻችን ቅጣቱን አገቡ፤ በዚያችው አንድ ነጥብ ተሸነፍን። ሚስ ፒለይ ስትቆጣ ጌታሁን «እሷ ነጥብ የካሳ ናት፤ እርቅ ያለ ካሳ አይጸናም» አላት። በሳምንቱ የገጠመን ሌላ ቡድን ሲያሟሙቅ ሁሉም ኳስ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ነበር። ምስጢራዊ ሥልጠና መስሏቸው ነው።

እኔ የማልያውን ሻንጣ ይዤ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሲያናድዱኝ «ጌታሁን ይሙት፣ ይሄን ማልያ ሁለተኛ አላጥብም!» እላለሁ። ልጆቹ ምን ማለቴ እንደሆነ ሲጠይቁት «ቃሌን ካጠፍኩ ባሌ ይሙት ማለቷ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ትገድለኛለች፤ ይኸው አለሁ» ብሎ ተረጎመላቸው።

ቀብሩ ላይ ሬሳ ሣጥኑን ሉዋዚ ከፊት፣ ሲፖ ከኋላ ሆነው ተሸከሙ። ሣጥኑ ወደ ኋላ አዘነበለ። «ዝቅ በል፣ አንተ ምሰሶ! ኮች ሊያመልጠን ነው!» አለ ሲፖ። «አንተ ለምን አታድግም?» አለው ሉዋዚ። የእድራችን ሰብሳቢ «ኧረ ልጆች፣ ሬሳ ነው፤ ሶፋ አይደለም!» ብለው ተቆጡ። ልጆቹ ከመቃብር ሲመለሱ ተኳርፈው ነበር።

ሚስ ፒለይ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አለቀሰች። ቀጥላ ቅዳሜ ከተሸነፉ ቡድኑ እንደሚዘጋ፣ አዳራሹም ሙሉ በሙሉ ለሠርግ እንደሚከራይ ነገረችኝ። አሠልጣኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኃላፊነት የሚወስድ ትልቅ ሰው ከሌለ ደግሞ ጨዋታውም አይጀመርም።

«እኔ እቀመጣለሁ» አልኳት።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ድረስ እኩል ነበርን፤ ግን ሲፖ ለሉዋዚ አንዲት ኳስ አልሰጠም። ተቀያሪዎቹ «ማማ፣ አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ። ቀስት መሣል አላውቅም። ታይም አውት ጠራሁ።

«በዳዩ ማነው?»

«እሱ!» አለ ሲፖ። «እሱ!» አለ ሉዋዚ።

ደሜ ፈላ። «ጌታሁን ይሙት፣ ካልታረቃችሁ…»

አፌ ውስጥ ቀረ። የሞተን ሰው ይሙት ብሎ መማል አይቻልም። ሌላ መሐላ ደግሞ የለኝም። ልጆቹ ትርጉሙን ያውቁታል።

ሲፖ ኳስ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አኖረና ጎነበሰ። ሉዋዚም ዙሪያውን ቢያይ ሌላ ኳስ የለም፤ የመጠጥ ውኃ የምናቀዘቅዝበትን የበረዶ ሣጥን ብድግ አድርጎ ማጅራቱ ላይ ጫነ። የቀለጠው ውኃ በጀርባው ወረደ። «እኔም በድያለሁ» አለ።

«ሁለታችንም በዳይ ከሆንን ይቅር የሚለው ማነው?» አለ ሲፖ እንደጎነበሰ።

«ዝም ብላችሁ ተሳሳሙ!» አልኳቸው።

ዳኛው ያው የድሮው ነበር። መጥቶ ሰዓቱን አየ። «ማዳም፣ ደቂቃው አልቋል። ተበዳይ ተናግሯል?»

«ሁለቱም ተናግረዋል።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ቴክኒካል ፋውሉን ግን አልማረንም። ተጋጣሚዎቻችን አገቡ። «የካሳ ናት» አልኳቸው ለልጆቹ። ከዚያ ሲፖ ኳሱን ወደ ላይ ላከው፤ ሉዋዚ ከነእርጥብ ጀርባው ዘሎ ተቀበለና አገባው። በአንድ ነጥብ አሸነፍን።

ቡድኑ አልተዘጋም። ሚስ ፒለይ አሠልጣኝ እስኪገኝ እንድቀመጥ ለመነችኝ፤ እስካሁን አልተገኘም።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ያልታረቁ ሰዎች ኳስ እንደማይሰጣጡ ነው።

አሁን ዓርብ ዓርብ መርፌውን አርሼ እሰካለሁ፤ ፓምፑንም እኔው እገፋለሁ። ማማ ግሬስ ስትደበድብ «ሶሪ ማማ» እላታለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ኳስ አነሣለሁ።