ወንድሜ ያልዘጋቸው ገጾች

የላፕቶፕ ማራገቢያ ሲጮህ ስሰማ ዛሬም እጄ ይቆማል። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ከሙሉቀን ጋር በአንዲት ክፍል ሱቁ እሠራ ነበር። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም። ስለ ሥራው ብዙ መናገር እችላለሁ። ስለ እሱ ግን እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ከመጨረሻው ደህና ቀን ልጀምር።

ነሐሴ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፤ ሰው ሁሉ ጭቃውን ይዞ ይገባል፤ ክፍላችን እርጥብ ጋቢና የተጠበሰ በቆሎ ይሸት ነበር። ኢንተርኔት የምንከፍትበት የላፕቶፑ ብራውዘር አንድ ፊደል ተጽፎ እስኪታይ ያስጠብቃል። ነገሩ ይገርመኝ ነበር። በዓይን የማይታይ ምን ነገር ማሽኑን እንዲህ ያደክመዋል?

ሙሉቀን ገጽ አይዘጋም። ኔትወርኩ ደስ ሲለው ስለሚመጣ፣ አንዴ የተከፈተን ገጽ ባለጉዳዩ ጉዳዩን እስኪጨርስ እንደተከፈተ ያቆየዋል። ከስክሪኑ አናት ላይ የተደረደሩት የገጾቹ ታቦች ከመብዛታቸው የተነሣ ስማቸው አይነበብም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቄስ ከልጃቸው ከትርንጎ ጋር ከወገዳ ከተማ መጡ። የኮሌጅ ማመልከቻ ነው፤ ጊዜው በማግስቱ ያበቃል። ግማሹን እንደሞላን ኔትወርክ ጠፋ፤ ማሽኑም ደርቆ ቀረ። ሌላውን ገጽ ሁሉ ዝጋው አልኩት ሙሉቀንን።

"የሰው ጉዳይ ነው የምዘጋው? አሥራ ሁለተኛ ጨረስኩ ብለህ ኢንጂነር ሆንክ?"

"ባልሆንም የሚያንቀውን አውቃለሁ። ያንተ ገጾች ናቸው።"

ትርንጎ ሳቀች። እሱም ሳቀ። የቀረውን ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ስለሆነች ነገ በጠዋት እንዲመጡ ነገራቸው። እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ ተቆጥቼም ነበር መሰለኝ። እሱ ከላፕቶፑ ጋር ቀረ።

ሳይመሽ ወደ ቤት ሲመጣ ሞተር ሳይክሉ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ከለቀስተኛው መካከል ተነሥቼ ወጣሁ። እንዲህ አይደረግም፤ ወንድሙን ሳይቀብር ሱቅ የሚከፍት የለም። አክስቴ ከኋላዬ ያለችውን ሰምቻለሁ።

ቄሱና ልጃቸው የሱቁ በር ላይ ቆመዋል። ወሬው አልደረሳቸውም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን ሲያዩ ግን ገባቸው።

"ተወው ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሂድና ወንድምህን ቅበር። የእኛ ለሌላ ዓመት ይደርሳል።"

"አባ፣ ገጹን ያቆየልዎት እሱ ነው።"

ላፕቶፑን ሳያጠፋው ክዳኑን ብቻ ከድኖት ነበር። ከፈትኩት። ኔትወርክ አለ፤ ማሽኑ ግን አይንቀሳቀስም። ሁሉንም ልዘጋ እጄን ሰደድኩ። ግን፣ እንዴት ልበል፣ ማሽኑን ያደከመው የቱ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። በሐዘን መካከል ማወቅ መፈለግ ያሳፍር እንደሆነ እንጃ። ብራውዘሩ እያንዳንዱ ገጽ የሚወስደውን ሚሞሪ፣ ማለትም የማሽኑን የሥራ ቦታ፣ የሚያሳይበት ዝርዝር አለው፤ እሱን አወጣሁ።

የባለጉዳዮቹን ገጾች ስላልተነኩ ብራውዘሩ ራሱ አስተኝቷቸዋል። የያዙት ኢምንት ነው። ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው እኔ ራሴ ብራውዘሩ ላይ የጫንኩት ቪዲዮ ማውረጃ ፕሮግራም ነበር፤ በየገጹ ላይ ያለ ሥራ ሲሮጥ የከረመ። ከእሱ ቀጥሎ አንድ ቪዲዮ አለ፤ እኛ ከወጣን በኋላ ኔትወርክ ሲመለስ የተከፈተ፣ መሃሉ ላይ የቆመ። ርእሱን አነበብኩት። የከበደ ብራውዘርን እንዴት ማቅለል እንደሚቻል የሚያስተምር ነው። ብቻውን ሆኖ ሲማር ነበር።

የእኔን አጠፋሁት። ማሽኑ ተላቀቀ። ትርንጎ የቀረውን እየነገረችኝ ሞላሁ፤ ላክነው፤ መድረሱንም አየን። የእሱን ቪዲዮ ትንሽ አየሁትና ዘጋሁት። የሰዎቹን ገጾች አልነካሁም።

ቄሱ ወደ ወገዳ የሚመልሳቸውን መኪና ትተው ወደ ቀብሩ አብረውኝ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ስለ ሚሞሪ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የገጾቹ እንዳልነበረ፣ የእኔ እንደነበረ፣ ለእሱም ሳልነግረው እንደቀረሁ። ይግባቸው አይግባቸው እንጃ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አላቋረጡኝም።