ለሦስት ጣት የተሠራ ቢላ

ጎረቤቴ ተሾመ ለመስቀል ቅርጫ ብሎ የአባባን ቢላ ተውሶኝ ነበር። አባባ ካረፈ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም ነበር። ትናንት ሲመልስልኝ፣ «ስለቱስ ምላጭ ነው፤ ግን እጅ ላይ አይቀመጥም። እጀታውን ለምን አትቀይሪውም?» አለኝ። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁትና ቢላውን ጭኔ ላይ አድርጌ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። የጭላሎ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ አይታይም ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሁልጊዜ ወደዚያ ክረምት ይወስደኛል።

ያኔ እዚሁ አሰላ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነበርኩ። የሰፈራችንን ቅርጫ የሚያካፍለው አባባ ነበር። በሬው ታርዶ ሲበለት ሥጋውን መደብ መደብ አድርጎ የሚደለድለው እሱ ነው፤ እሱ ከደለደለው፣ ዕጣ ሲወጣ የሚያጉረመርም አይኖርም። ኅዳር ላይ፣ ዲክሲስ ባለን ማሳ ስንዴ ሲታጨድ፣ የኮምባይነሩ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከቀኝ እጁ ትንሿን ጣትና ጎረቤቷን ወሰደበት። ለገና ቅርጫ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ለፋሲካም ቀረ። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ እጅ የሚያነሣ አልነበረም። ሳህን ስናቀብለው እንኳ ዐይናችንን ሌላ ቦታ እናደርግ ነበር፤ ይህም ለእሱ ማሰብ ይመስለን ነበር።

እኔ ግን እስከ መስቀል በዚያ እጅ የሚያዝ ቢላ ላሠራለት ለራሴ ቃል ገባሁ። አንድ የክፍሌ ልጅ በነፃ የሚገኝ የንድፍ ሶፍትዌር በፍላሽ ሰጠኝ። አጠቃቀሙን የተማርኩት ለደስታቸው ብቻ ቢላ ከሚሠሩ፣ ቋንቋቸውን ከማላውቅ ሰዎች ቪዲዮ ነው፤ የሚሉት ስለማይገባኝ ስክሪኑ ላይ ቀስቷ የምትሄድበትን ብቻ እከተላለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ስክሪኑ ላይ እፈዛለሁ። ቢላዬ ክብደት የሌለው ሆኖ ግራጫው ስክሪን ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ተራራው ላይ ያለው ጭጋግ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ሶፍትዌሩ አንድ ጠባይ አለው፤ የሁሉም መስመር ልክ ተሟልቶ ሲነገረው ንድፉ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የቀረ ጥያቄ የለም ማለት ነው።

የእጁን ልክ የወሰድኩት ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት ነው። መዳፉ ሥር ወረቀት አስገብቼ ዙሪያውን በእርሳስ አዞርኩ። ጣቶቹ የጎደሉበት ቦታ ስደርስ ዐይኔን ጨፍኜ እርሳሱን በዳሰሳ ገፋሁት። ልኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ንድፉም አረንጓዴ ሆነ።

ያተምኩትን ወረቀት ይዤ ዴራ ወረድኩ። ሚኒባሱ ቁልቁል ሲሄድ ጭጋጉ ያልቅና ፀሐይና ግራር ይጀምራል፤ ሌላ አገር የገባሁ ነበር የሚመስለኝ። ብረት ቀጥቃጩ ጋሽ ቃሶ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢላ በማውጣት የታወቁ ነበሩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ እጅ ተዘርግቶ ነው የተለካው። የሚሠራ እጅ እንዲህ አይደለም። ሰውየውን አምጪው» አሉኝ።

ድንገት ላስደስተው እንደምፈልግና ልኩ በኮምፒውተር እንደተረጋገጠ ኮራ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩኝም፤ እንደተሣለው ሠሩት።

መስቀል ሳምንት ሲቀረው ለአባባ ሰጠሁት። ጨበጠው፤ ዳቦ ሊቆርስበት ሲጫነው ቢላው መዳፉ ውስጥ ዞረና ወለሉ ላይ ወደቀ። እማማ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እንደ ልማዳችን ዐይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ያን ቀን እኮ አልተኛሁም ነበር» አለኝ አባባ። «ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁሽ።»

እሱ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ዝናብ ያራሰውን ጭቃ አፈሰና ቢላ እንደሚይዝ አድርጎ ጨበጠው።

«ይኸው። አሁን በደንብ እዪው።»

አየሁት። ከአደጋው ወዲህ እጁን ስመለከተው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጠባሳው ስፈራው እንደኖርኩት አልነበረም። አለቀስኩ፣ እሱም የጨበጠውን ጭቃ እጄ ላይ አስቀምጦ እንዳልጥልበት ተቆጣኝ።

ጭቃው ሲደርቅ የያንዳንዱን ጣት ጉድጓድ በካሊፐር ለካሁና ንድፉን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዴራ ስመለስ ጋሽ ቃሶ ደረቁን ጭቃ በእጃቸው ይዘው ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከዚያ አዲስ የወይራ እጀታ በሁለት ቀን አደረሱልኝ። የመስቀል ዕለት አባባ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ዕጣው ሲወጣ ያጉረመረመ አልነበረም።

ዛሬም ከሥራ ስወጣ፣ እንዲያው ለደስታዬ፣ ቢላ እነድፋለሁ። ትናንት ሁለቱን ፋይሎች ከፈትኳቸው። ያ የተሳሳተው አሁንም አረንጓዴ ነው። ለተሾመ ደወልኩና መጥቶ ጭቃ እንዲጨብጥልኝ፣ የራሱን ቢላ እንደምሠራለት ነገርኩት። የአባባ እጀታ ግን አይነካም። እውነቱን ለመናገር፣ ለሌላ ሰው እጅ እንቢ ማለቱ ደስ ብሎኛል።